ብራንድ የሌለው ስላይድ ሀመር፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሶማሌ ተራ በቀይ ፕላስቲክ ሳጥን የሚሸጠውን ስላይድ ሀመር ገዝቼ ስጠቀምበት ወራት አልፈዋል። ያው ቻይና ነው፣ ላዩ ላይ ብራንድ የሚባል ነገር የለም። ሰው ሁሉ ይሰራል ወይ እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። አጭሩ መልስ፣ ዘንጉና ክብደቱ በደንብ ይሰራሉ፣ የቀረው ኮተት አብዛኛው ሳጥኑን ለመሙላት የገባ ነው።

ለማያውቀው፣ ረጅም የብረት ዘንግ ነው፣ ዘንጉ ላይ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን ድፍን ብረት ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታል፣ ጫፉን የተጣበቀው ዕቃ ላይ ታስረዋለህ ከዛ ብረቱን ወደ ራስህ በኃይል ስትስበው መጨረሻ ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር ይጋጫል፣ ምቱ ዕቃውን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። መዶሻ ወደ ውስጥ ይመታል ይሄ ወደ ውጭ፣ በቃ።

የገዛሁት ለ944 ነው። ፖርሽ 944 ከ1982 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የተመረተች መኪና ናት፣ የኔ 2.5 ሊትሩ ነው፣ ባለ አራት ሲሊንደር። አሮጌ ስፖርት መኪና ላይ ምን ያለፋሃል ለምትሉኝ፣ በ2012 የወጣው ኤክሳይዝ ታክስ ያረጀ መኪናን እስከ 500 ፐርሰንት አደረሰው፣ በ2016 ደሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ፣ እና ያለህን ይዘህ ከመታገል ውጪ ምን አማራጭ አለ?

አሁን ወደ ጉዳዩ። 944 ላይ ሞተሩና ፍሪሲዮኑ ፊት ናቸው ካምቢዮው ግን ኋላ ነው፣ መሃል ላይ ቶርክ ቲዩብ የሚባል ረጅም ቱቦ አለ ውስጡ ሻፍት ይዞራል። ፍሪሲዮን ልቀይር ካልክ ማርሜታ ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ቶርክ ቲዩቡ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ይሄ ሁሉ ሆኖ ገና ፍሪሲዮኑን በአይንህ አላየኸውም ምክንያቱም የሸፈነው አሉሚኒየም ቤት እንዳለ ነው። ቤቱ ደሞ ብሎኖቹን ስለፈታህ ብቻ አይመጣም። ፔዳሉን ስትረግጥ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቅ ሹካና ኩሽኔት አለ፣ አብዛኛው መኪና ላይ ሹካው ኩሽኔቱን ይገፋል፣ እዚህ ግን ይስበዋል፣ ኩሽኔቱ ፕሬሸር ፕሌቱ (የፍሪሲዮኑን ዲስክ የሚጫነው ክፍል) ላይ የተያዘ ነው ሹካውም ከጀርባው ገብቶ ቆልፎታል። ስለዚህ ሹካው የሚዞርበት ሻፍት መጀመሪያ ካልወጣ ቤቱ ንቅንቅ አይልም። ሰው የሚያስለቅሰው ይሄ ሻፍት ነው።

ሻፍቱ ብረት ነው የተቀመጠበት አሉሚኒየም ነው፣ መሃል እርጥበት ከገባ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ይበላሉ፣ ነጭ ዱቄትና ቡኒ ዝገት ተቀላቅሎ ይጠነክራል፣ ሻፍቱን የያዙት ኒድል ኩሽኔቶች ውስጥ የነበረው ግሪስ ደሞ በዘመኑ ብዛት ሰም ሆኗል። ፋብሪካው ግን አስቦበታል፣ የሻፍቱ ጫፍ ላይ የኤም 8 (የ8 ሚሊሜትር ብሎን) ጥርስ አለው፣ ብሎን አስገብተህ ጎትት ማለት ነው። ግን ከዛ በፊት ሻፍቱን የያዘች አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፣ እሷ ካልወጣች ዝሆን ቢጎትተው አይመጣም፣ በቆሻሻ ስለምትሸፈን ብዙ ጊዜ አትታይም፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ፈልጋት።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ጋራዥ ድጅኖና መዶሻ የሚነሳው። አደጋው አሉሚኒየሙ ላይ ነው፣ ከጎን ተደግፈህ ስትፈለቅቅ ቤቱ ይሰነጠቃል፣ ቤቱ ተሰንጥቆ ደሞ አዲስ አበባ ውስጥ ዞረህ ዞረህ አታገኘውም። ስላይድ ሀመር የሚሻለው ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ አይደለም፣ ቀጥ ባለ መስመር ስለሚጎትት ነው፣ ምቱ አጭርና ድንገተኛ ስለሆነ ዝገቱን ይሰባብረዋል ቤቱ ላይ ግን ምንም አይደገፍም።

ብቻውን ግን አይበቃም። ድሮ ፒያሳ የነበረው፣ ሰፈሩ ሲነሳ ወደ ተክለሃይማኖት የመጣው ጋራዥ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ሀመሩን ይዤ ልጀምር ስል አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ ምን ያጣድፍሃል፣ መጀመሪያ ይጠጣ እንጂ» አሉ። ጋሼ በዘይት ሳያርሱ ምንም አይመቱም፣ እሳቸው የሚያምኑት በናፍጣና በካምቢዮ ዘይት ቅልቅል ነው። እኔ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል እኩል ቀላቅዬ ነው የተጠቀምኩት፣ አሴቶኑ ቶሎ ስለሚተን ጠርሙሱን በደንብ መክደንና ከእሳት ማራቅ ነው፣ ስትጠቀም ደሞ ሁሌ ነቅንቀው ይለያያል። ደብሊው ዲ 40 ሁሉም ቤት አለ ግን ስሙ ራሱ ከውሃ ማባረሪያ የመጣ ነው፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ሳን ዲዬጎ ውስጥ ዝገት ለመከላከል የተሰራ ቀመር ነው፣ ለተጣበቀ ብረት የሚባለው ዘይት ሌላ ነው። ጠዋት ማታ እየጨመሩ ለቀናት መተው፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው።

ከዛ ሙቀት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ወደ እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ሻፍቱን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ቤት ብታሞቅ ቀዳዳው ሰፋ ይላል። በሂት ጋን፣ ትኩስ አየር በሚነፋው ማሽን ነው ያሞቅነው፣ እሳት አላስጠጋንም፣ አጠገቡ የፍሪሲዮን ሲሊንደር አለ ፍሬን ዘይት አለበት፣ የነዳጅ መስመርም ሩቅ አይደለም፣ አሴቶኑም ተኖ ማለቁን ሳታረጋግጥ ሂት ጋኑንም አታብራ። ቤቱ ላይ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) የሚያነቡ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፣ ቀድመህ አውጣቸው፣ ፕላስቲካቸው ደርቆ ቁራሽ ነው የሚሆነው፣ ስትመልስ ደሞ ከቮላኖው ያላቸው ርቀት 0.8 ሚሊሜትር ነው እሱን አትርሳ መኪናው አይነሳም።

ሲጀመር ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ጣ ጣ ይላል፣ ምቱ ወደ እጅህ ይመለሳል ምንም አይንቀሳቀስም። ከዛ የሆነ ጊዜ ላይ ድምፁ ይደፈናል፣ ዱብ ማለት ይጀምራል፣ ያኔ አቁመህ በባትሪ እይ፣ በሻፍቱ ዙሪያ ቀጭን ቡኒ ጭቃ ወጥቶ ታያለህ። መጥቷል ማለት ነው። እንደገና ዘይት፣ ትንሽ ወደ ውስጥ መልሰው፣ ደግመህ ሳብ፣ አንዴ በኃይል ልጨርሰው ብትል ጥርሱን ትበላዋለህ። የኔው ሲወጣ ኩሽኔቶቹ የነኩት ቦታ ላይ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተበልቶ ነበር፣ ፔዳሉ ለምን ድንጋይ እንደነበር ያኔ ገባኝ። በአዲስ ኩሽኔትና ግሪስ ተመልሶ ፔዳሉ አሁን ለስላሳ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስና ቅሬታዬ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠሙት አስማሚዎች ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የኤም 8 የተባለው ጫፍ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ገና ሻፍቱ ሳይነቃነቅ ጥርሱ ተለጠጠ። ጥርሱ ሻፍቱ ውስጥ ተቆርጦ ቢቀር ምን እንደሚሆን አስቡት፣ ሌላ ችግር ነው። ቶርኖ ቤት ሄጄ ራሱ ላይ 10.9 የተጻፈበት፣ ጠንካራ ማለት ነው፣ ብሎን ሰጠሁት፣ ከዘንጉ ጋር የሚገጥም አስማሚ አወጣልኝ፣ እስከዛሬ አልተነቃነቀም። ስታስገባው እስከ መጨረሻው አጥብቀው፣ በሁለት ጥርስ ይዘህ አትምታ። ከውስጥ ይዘው የሚጎትቱት መንጋጋዎችም እንደዛው፣ ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለውን ትንሽ ኩሽኔት (ፓይለት የሚባለውን) ላወጣ ስል ተጣመሙ፣ ያን በግሪስ ነው ያወጣሁት፣ ቀዳዳውን በግሪስ ሞልተህ ልክክ የሚል ዘንግ አስገብተህ በመዶሻ ስትመታ ግሪሱ ከኋላ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ይቆሽሻል ግን ነጻ ነው።

ከዛ በኋላ ሀመሩ ጋራዡ ውስጥ ስራ አልፈታም። የሰው ዶልፊን ላይ የተጣበቀ ኖዝል ሲወጣ አይቻለሁ፣ የቪትዝ የኋላ ታምቡር፣ የተጎዳ በር እንኳን ስበንበታል። የጎማ መያዣው ቶሎ ተላቀቀ፣ አሁን ጓንት አድርጌ ባዶውን ብረት ነው የምይዘው። ጣትህን በክብደቱና በማቆሚያው መሃል እንዳታደርግ፣ ስራ ላይ ብዙ ስትቆይ እጅ ወደዛ ይሸሻል። የማቆሚያው ዳዶ በየጊዜው ይላላል፣ ከመጀመርህ በፊት ቁልፍ አሳርፍበት። ክሮሙ በክረምት ተላጠ፣ ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ነው። ሌላው ርዝመቱ ነው፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ከተነሳ ለክንድህ ቦታ አይበቃህም፣ ሊፍት ወይ ጉድጓድ ያለበት ቦታ ይሻላል።

ዋጋው ከአንድ ደህና የሶኬት ሴት ያንሳል ስለዚህ እኔ ደግሜ እገዛዋለሁ፣ አንድ ሻፍት ብቻ ልታወጣ ከሆነ ግን መዋስ ይበቃሃል። ስትገዛ ሳጥኑን አትይ፣ ክብደቱን አንስተህ ሞክረው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል አለ እሱን ተወው። ዘንጉን መስታወት ላይ አንከባለውና ቀጥ ማለቱን እይ፣ ባለሱቁ ከተቆጣ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ፣ ሁሉም ያው ሳጥን ነው ያላቸው።