ፌዶራ ሲልቨርብሉ ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ «አይነካም» ማለት «አልተበላሸም» ማለት አይደለም

ፌዶራ ሲልቨርብሉን (የሥርዓቱ ፋይሎች የማይነኩበትን የፌዶራ ሊኑክስ ዴስክቶፕ) የሚመርጡ ሰዎች የሚስባቸው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ የሥርዓቱ ፕሮግራሞች የሚኖሩበት /ዩኤስአር የሚነበብ ብቻ ነው፣ ማሻሻያ ሲመጣ ሥርዓቱ እንደ አንድ ምስል ይተካል፣ አዲሱ ካልሠራ ከቡት ሜኑ ቀድሞውን መርጦ መነሳት ይቻላል። ይህ በወራት አጠቃቀም የሚጸና ነው። ማሻሻያ መሃል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሥርዓት አይቀርም። ይሁንና ፋይሉ እንዳይጻፍበት መከልከሉና ፋይሉ ዲስኩ ላይ ደህና መሆኑ ሁለት ነገር ናቸው። የመጀመሪያውን ሲልቨርብሉ ከሳጥኑ ሲወጣ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ግን ተጠቃሚው ካልጠየቀ ማንም አይነግረውም።

ሥርዓቱ የቆመው የሥርዓት ምስሎችን በሚያከማች ኦስትሪ በሚባል መሣሪያ ላይ ነው። ኦስትሪ እያንዳንዱን ፋይል አንዴ ብቻ፣ በኤስኤችኤ-256 ቼክሰሙ (ከፋይሉ በሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር) ሰይሞ፣ በሪፖው (መጋዘኑ) ውስጥ /ኦስትሪ/ሪፖ/ኦብጀክትስ ሥር «ኦብጀክት» አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ከቼክሰሙ 64 ቁምፊዎች የመጀመሪያዎቹ 2 የፎልደሩ ስም፣ የቀሩት 62 የፋይሉ ስም ናቸው። ዲፕሎይመንት፣ ማለትም ቡት የሚደረገው የሥርዓቱ ስሪት፣ ከእነዚህ ኦብጀክቶች በሃርድ ሊንክ (ለአንድ ፋይል ተጨማሪ ስም በሚሰጥ ማያያዣ) የተሰፋ የፎልደር ዛፍ ነው። በአሁኑና በቀድሞው ዲፕሎይመንት መካከል ያልተለወጠ ፋይል ታዲያ ሁለት ቅጂ የለውም፤ ሁለት ቦታ የሚጠራ አንድ ኢኖድ (ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ራሱ) ነው። ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፉበት ግሊብሲ ላይብረሪ የተቀመጠበት ብሎክ ቢበላሽ ሁለቱም እኩል ይወድቃሉ። «ኦስትሪ አድሚን ፒን» ብሎ ሦስተኛ ዲፕሎይመንት ማቆየትም ቅጂ አይጨምርም። ሮልባክ (ወደ ቀድሞው ዲፕሎይመንት መመለስ) ከመጥፎ ማሻሻያ ያድናል እንጂ ከታመመ ዲስክ አያድንም።

የባሰው ደግሞ ማሻሻያ ራሱ ቁስሉን አለማከሙ ነው። አዲስ ምስል ሲወርድ ኦስትሪ የሚያየው በዚህ ስም የተቀመጠ ኦብጀክት መኖር አለመኖሩን ነው፤ ካለ አያወርደውም፣ ቼክሰሙንም እንደገና አያሰላም። ስለዚህ ዛሬ የተበላሸ የፎንት ወይም የፈርምዌር ፋይል፣ አዲሱ ምስል እስካልለወጠው ድረስ፣ ከስሪት ወደ ስሪት እየተሻገረ ይኖራል።

መርማሪው «ሱዶ ኦስትሪ ኤፍኤስሲኬ» ነው። ስሙ ከተለመደው የዲስክ ጠጋኝ ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው። የፋይል ሥርዓቱን መዋቅር (ሱፐርብሎክና ጆርናል) አያይም፤ እያንዳንዱን ኮሚት (የተመዘገበ የሥርዓት ምስል) ተከትሎ የሚጠቀሱትን ኦብጀክቶች ያነባል፣ ቼክሰማቸውን አስልቶ ከስማቸው ጋር ያስተያያል። የመጀመሪያው ስህተት ላይ ስለሚቆም «--ኦል» መጨመር ይሻላል፤ አለዚያ የተበላሸው አንድ ፋይል ይሁን መቶ አይታወቅም። ጊዜው የሚወሰነው በዲስኩ ነው፦ 12 ጊጋባይት ሪፖ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ቢነበብ ከ24 ሰከንድ በታች አይሆንም፣ በተግባር ግን ትንንሽ ፋይሎች ስለሚበዙ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሻይ አፍልቶ መጠበቅ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ከርነሉ በቅርብ ያነበበውን ፋይል ራም ላይ ስለሚያቆይ፣ ምርመራው ዲስኩን ሳይነካ ከፔጅ ካሽ አንብቦ «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ልክ ከሪቡት በኋላ ማካሄድ ወይም አስቀድሞ ካሹን ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ሌላው፣ አንድን የፋይል ኦብጀክት በተለመደው «ኤስኤችኤ256ሰም» ትእዛዝ አስልቶ ከስሙ ጋር ማስተያየት ሁልጊዜ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። የኦስትሪ ቼክሰም ይዘቱን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን መለያ፣ ፈቃዱንና ኤክስቴንድድ አትሪቢዩቱንም ይጨምራልና። ትክክለኛው መሣሪያ «ኦስትሪ ቼክሰም» ነው።

ስህተት ሲገኝ ወዲያው ወደ መሰረዝ አይቸኮልም። ሪቡት አድርጎ እንደገና መመርመር ይቀድማል። ያው ኦብጀክት በድጋሚ ከተጠቀሰ ጉዳቱ ዲስኩ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሌላ ኦብጀክት የሚጠቀስ ከሆነ ግን ዲስኩ ሳይሆን ራሙ ይጠረጠራል፤ ራም መርማሪውን ሜምቴስት86+ ሌሊቱን ማሠራት ነው እንጂ በተበላሸ ራም ላይ የሚደረግ ጥገና ደህናውንም ያበላሻል።

የዲስክ ጉዳት መሆኑ ከተረጋገጠ «ኦስትሪ ኤፍኤስሲኬ --ኦል --ዲሊት» የተበላሸውን አጥፍቶ ኮሚቱን «ከፊል» ብሎ ይመዘግበዋል። ቀጥሎ «ኦስትሪ ፑል ፌዶራ» ከኮሚቱ ሙሉ ቼክሰም ጋር ሲሰጥ የጎደለው ብቻ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በአርፒኤም-ኦስትሪ (በምስሉ ላይ ጥቅሎችን በሚጨምረው መሣሪያ) ተጨማሪ ጥቅል የተደረበበት ማሽን ቡት የሚያደርገው ኮሚት እዚያው የተሠራ በመሆኑ ከሰርቨር አይገኝም፤ የሚወርደው ቤዝ ኮሚቱ (ጥቅል ያልተደረበበት መነሻው) ነው፣ ቼክሰሙም በ«አርፒኤም-ኦስትሪ ስቴተስ -ቪ» ይታያል። ኮምፖዝኤፍኤስ (ኋላ የሚብራራ፣ ዋናውን የፋይል ሥርዓት የሚነበብ ብቻ ምስል አድርጎ የሚያነሳ ዘዴ) በሌለበት ማሽን ደግሞ አሮጌው ዲፕሎይመንት የተበላሸውን ኢኖድ እንደያዘ ይቀራል፤ ሃርድ ሊንክ ስም ሲሰረዝ አይጠፋምና። በማሻሻያ ወይም የተደረበ ጥቅል በመለወጥ አዲስ ዲፕሎይመንት ተሠርቶ ከእሱ እስኪነሱ ድረስ ጥገናው አላለቀም። ከዚያ በኋላ «አርፒኤም-ኦስትሪ ክሊንአፕ -አር» አሮጌውን ያስወግዳል። ኮምፖዝኤፍኤስ ባለበት ሥርዓቱ ኦብጀክቶቹን በቀጥታ ከሪፖው ስለሚያነብ፣ በመሰረዝና በማውረድ መካከል ሪቡት ማድረግ ሳይነሳ እንዲቀር ሊያደርገው ይችላል።

ይህ ሁሉ ምርመራ የማያያቸው ቦታዎች አሉ፤ ከሁሉ የሚረሳው /ቡት ነው። ከርነሉና ኢኒትራምኤፍኤሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነው ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት) ወደ /ቡት/ኦስትሪ ይገለበጣሉ፤ ቅጂዎቹን ኦስትሪ አይመረምራቸውም። የዲስክ ክፍሉ የፋይል ሥርዓት ብዙ ጊዜ ኢኤክስቲ4 ስለሆነ ለፋይሉ ይዘት ቼክሰም አይይዝም። ደግነቱ የሁለቱም ምንጭ /ዩኤስአር/ሊብ/ሞጁልስ ሥር በከርነሉ ስሪት ስም አለ፤ «ሲኤምፒ» በሚለው ትእዛዝ ሁለቱን ማስተያየት የሰከንድ ሥራ ነው።

የቅንብር ፋይሎች ያሉበትን /ኢቲሲን በተመለከተ «ኦስትሪ አድሚን ኮንፊግ-ዲፍ» ከ/ዩኤስአር/ኢቲሲ ጋር አስተያይቶ የተለወጠውን፣ የተጨመረውንና የተሰረዘውን ይዘረዝራል። ለውጡ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው። ከመደበኛ ፌዶራ የመጡ ሰዎች የሚወዱት፣ የተጫኑ ፋይሎችን ከጥቅላቸው መዝገብ ጋር የሚያስተያየው «አርፒኤም -ቪኤ» እዚህ ብዙ አይረዳም፦ ኦስትሪ ፋይሎቹ መጨረሻ የተለወጡበትን ጊዜ ወደ 1970 ስለሚመልሰው ውጤቱ «ጊዜው ይለያል» በሚለው የ«ቲ» ምልክት ይጥለቀለቃል። «--ኖኤምታይም» ካልተጨመረ እውነተኛው ስህተት በውስጡ ይጠፋል።

/ቫር፣ ማለትም የቤት ፎልደሩ ጭምር፣ ከኦስትሪ እይታ ውጭ ነው። እዚያ የሚጠብቀው ቢቲአርኤፍኤስ ነው፤ ከፌዶራ 33 ጀምሮ የዴስክቶፑ ነባሪ ፋይል ሥርዓት ሆኗል። «ቢቲአርኤፍኤስ ስክረብ ስታርት /ቫር» ሙሉውን የፋይል ሥርዓት አንብቦ ከቼክሰሙ ጋር ያስተያያል፣ የኦስትሪን ሪፖ ጨምሮ። በአንድ ዲስክ ላይ ግን ዳታው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ስክረብ ይነግራል እንጂ አይጠግንም፤ ሜታዳታው «ዲዩፒ» (ሁለት ቅጂ) ሆኖ ከተፈጠረ እሱን ይጠግናል። የመተግበሪያ መጫኛው ፍላትፓክም በውስጡ ኦስትሪ ነው፤ «ፍላትፓክ ሪፔር --ድራይ-ረን» ያሳያል፣ ያለ «--ድራይ-ረን» ደግሞ የጎደለውን መልሶ ያወርዳል።

ታዲያ ስክረብ ካለ ኦስትሪ ኤፍኤስሲኬ ለምን? ስክረብ የሚይዘው ከተጻፈ በኋላ የተለወጠውን ነው። በሩት ፈቃድ /ዩኤስአርን ለመጻፍ ከፍቶ ፋይል ያስተካከለ ሰው ለቢቲአርኤፍኤስ ሕጋዊ ጸሐፊ ነው፤ ለኦስትሪ ግን ኦብጀክቱንና ከእሱ ጋር የተሳሰረውን ዲፕሎይመንት ሁሉ አበላሽቷል።

ይህንን በር የሚዘጋው ኮምፖዝኤፍኤስ ነው፤ በፌዶራ 42 ለሲልቨርብሉ ነባሪ ሆኗል። ሩቱን (ዋናውን የፋይል ሥርዓት) ከሚነበብ ብቻ የኢሮኤፍኤስ ምስልና ፋይል ሥርዓቶችን ከሚደራርበው ኦቨርሌይኤፍኤስ ስለሚሰፋ /ዩኤስአርን ለመጻፍ እንደገና ማውንት ማድረግ አይቻልም። አንድ የሚያስደነግጥ ምልክት አለው፦ የዲስክ ቦታ የሚያሳየው «ዲኤፍ» ሩቱን 100% ሙሉ ብሎ ያሳያል። ይህ ጤነኛ ነው፤ እውነተኛውን ቦታ /ሲስሩት ወይም /ቫር ላይ ማየት ነው። ኮምፖዝኤፍኤስ መብራቱ ግን ኤፍኤስ-ቬሪቲ በርቷል ማለት አይደለም። ኤፍኤስ-ቬሪቲ ለእያንዳንዱ ፋይል የመርክል ዛፍ (የብሎኮቹን ቼክሰሞች ተዋረድ) ሠርቶ የተበላሸ ብሎክ ሲነበብ የግብዓት-ውጤት ስህተት የሚመልሰው የከርነል ክፍል ነው፤ ኢኤክስቲ4 ከሊኑክስ 5.4፣ ቢቲአርኤፍኤስ ከ5.15 ጀምሮ ይደግፉታል። መኖሩን ለማወቅ አንድ ኦብጀክት ላይ «ኤልኤስአትር» አድርጎ ትልቁን «ቪ» መፈለግ ይበቃል። የኮምፖዝኤፍኤስ ሞድ የሚነበበው ከፕሪፔር-ሩት ኮንፍ ፋይል ሲሆን፣ የሚያነበው ኢኒትራምኤፍኤስ በመሆኑ /ኢቲሲ/ኦስትሪ ውስጥ መጻፍ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በ«አርፒኤም-ኦስትሪ ኢኒትራምኤፍኤስ-ኢቲሲ --ትራክ» መከተል ያስፈልጋል። ቬሪቲም ቢበራ የሚያጣራው ሲነበብ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ፋይል ተበላሽቶ ይተኛል።

ትልቁ ቅሬታ መሣሪያው ሁሉ እያለ ኦስትሪ ኤፍኤስሲኬን በየጊዜው የሚያሠራ የሲስተምዲ ታይመር (ሥራን በቀጠሮ የሚያስጀምር) አለመኖሩ ነው። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም ውስጥ የሚጻፍ የሰርቪስና የታይመር ጥንድ በየማሻሻያው ስለሚተርፍ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው፤ በ«ሲስተምዲ-ረን» የሚፈጠር ጊዜያዊ ታይመር ከሪቡት አያልፍም። «ኦንካሌንደር» በወር አንዴ፣ «ፐርሲስተንት» እውነት፣ «ናይስ» 19፣ «አይኦስኬጁሊንግክላስ» አይድል ይሁን። ወደ አዲስ ዋና ስሪት ሪቤዝ (ሽግግር) ከመደረጉ በፊት ግን ታይመሩን ሳይጠብቁ በእጅ ማሠራት ይገባል። ኤፍኤስሲኬ ስህተት ሲያገኝ ከዜሮ የተለየ ኮድ መልሶ ስለሚወጣ ሰርቪሱ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል።