ስላክ ለተበታተነ የፕሮጀክት ቡድን፦ የሁለት ዓመት ተጠቃሚ ግምገማ

የማስተባብረው የፕሮጀክት ቡድን አባላት በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ፣ በዱባይና በዋሽንግተን የሚኖሩ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የዕለት ሥራችን የሚካሄደው ስላክ (Slack) በተባለው የሥራ ቡድኖች የመልእክት መለዋወጫ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ራሱ የተወለደው በተበታተነ ቡድን ውስጥ ነው። ግሊች የተባለውንና በ2012 እ.ኤ.አ. የተዘጋውን የኢንተርኔት ጨዋታ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች በተለያዩ ከተሞች ሆነው ለመነጋገር ለራሳቸው ያበጁት መገናኛ፣ በ2014 ለገበያ ቀርቦ በ2021 በሴልስፎርስ ኩባንያ ከ27 ቢሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ተገዝቷል።

ከስላክ በፊት የምንሠራው፣ እንደ ብዙው የአገራችን መሥሪያ ቤት፣ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። የበጀት ጥያቄ፣ የልደት መልካም ምኞትና የጨረታ ሰነድ በአንድ ጅረት ስለሚፈስሱ፣ ሌሊት ተኝቶ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነሣ የትኛው እርሱን እንደሚመለከት ለመለየት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። በስላክ ለግዢ፣ ለመስክ ሥራና ለሪፖርት የተለያዩ ቻናሎች ከፍተናል፤ ለአንድ መልእክት የሚሰጠው መልስም ከሥሩ ተያይዞ ስለሚቀመጥ፣ የዋሽንግተኗ ባልደረባችን እኛ ቀኑን ሙሉ የተከራከርንበትን ጉዳይ ከመነሻው እስከ ውሳኔው አንብባ ትደርስበታለች።

የሰዓት ነገር ግን ብዙ ያወያያል። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ 7 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ስላክ የእያንዳንዱን አባል የአካባቢ ሰዓት በመገለጫው ላይ ያሳያል፤ መልእክትን አሁን ጽፎ ተቀባዩ ሥራ በሚገባበት ሰዓት እንዲደርስ ማዘዝም ይቻላል፤ እኔ በእጅጉ የምጠቀምበት ይህንን ነው። ነገር ግን ሰው በእጁ የጻፈውን ሰዓት አያቃናለትም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ «ነገ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። የናይሮቢው ባልደረባችን፣ በስዋሂሊም የቀን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ፣ ነገሩ ገብቶት ጠዋት ተገኘ፤ የዱባዩ ግን ከቀትር በኋላ ብቻውን ገብቶ ጠበቀን። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቀጠሮ ከከተማ ስም ጋር፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንዲጻፍ ደንብ አውጥቻለሁ፤ ሁሉም የሚገኙበት ስብሰባም ለእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ለዋሽንግተን በእነርሱ አቆጣጠር እንደየወቅቱ ከጠዋቱ 8 ወይም 9 ሆኗል።

ዋናው ቅሬታዬ በነፃው አገልግሎት ላይ ነው። ቀደም ሲል የቅርብ 10,000 መልእክቶችን ያሳይ የነበረው ይህ አገልግሎት፣ ከ2022 ወዲህ የ90 ቀን መልእክቶችንና ፋይሎችን ብቻ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት ያለፋቸው ደግሞ እስከነጭራሹ ይሰረዛሉ። በኮሪደር ተገናኝቶ «ያ ነገር እንዴት ነበር የተወሰነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ለሌለው ቡድን፣ የተጻፈው ውሳኔ ብቸኛው ማስታወሻ ነው፤ ነፃው ስላክ የሚነፍገውም ይህንኑ ነው። የሚከፈልበት አገልግሎት ሁሉንም ያቆያል፤ ክፍያው ግን በየተጠቃሚው ቁጥር፣ በየወሩና በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ የእኛን የሚከፍለው የዋሽንግተኑ ቢሮ ነው። ሙሉ በሙሉ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተ ድርጅት ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

የድምፅ ጥሪው ለአጭር ጉዳይ በቂ ነው፤ በነፃው አገልግሎት ግን ከሁለት ሰው በላይ አያስተናግድም። የአማርኛ መልእክት ያለ ችግር ይጻፍበታል፤ የመሣሪያው ገጽታ ግን እስካሁን በአማርኛ አልቀረበም።

በጀት ላለው፣ ቢያንስ በሦስት የሰዓት ቀጠና ለተበተነ ቡድን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። በጀት የሌለው ግን በቴሌግራሙ ይቆይ፤ ውሳኔዎቹን ብቻ በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ በየዕለቱ የሚመዘግብ ሰው ይሹም።