ዓርብ ቀን በናፖሊ፦ የጾም ፒዛ በዳ ሚኬሌ

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ሮም መጥታ ነበር። ናፖሊን ላሳያት ይዣት ስሄድ ባቡር ውስጥ ድንገት ትዝ አላት። «ውይ! ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። ናፖሊ ድረስ ሄደን ፒዛ ሳንበላ ልንመለስ ነው?» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ጥንታዊው ፒዛ የጾም ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

የወሰድኳት ዳ ሚኬሌ የሚባል ፒዛ ቤት ነው። ሚኬሌ የኛው ሚካኤል መሆኑ ነው። ቤተሰቡ በፒዛ ሥራ ላይ ከተሰማራ ከ1870 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ቤቱ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ እብነ በረድ ጠረጴዛ የተደረደረበት ነው። በር ላይ ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ ውጭ ቆማችሁ ተራ መጠበቅ ነው። የኛ ተራ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ለጾመኛ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም።

የምግብ ዝርዝሩ ለማንበብ ደቂቃ አይፈጅም። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ማሪናራና ማርጌሪታ። ሁለት ማሪናራ አዘዝን።

ማሪናራ ማለት ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። ሊጡ ደግሞ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ። በቃ። ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይነካውም። ስሙ የመርከበኞች መሆኑን ሲሰሙ ዓሣ ያለበት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የለበትም። ስያሜው ከባሕረኞቹ ጋር ይያያዛል እንጂ።

ፒዛው መጣ። ከሳህኑ ተርፎ ዙሪያውን ተንጠልጥሏል። የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ አየችው። «ፎርማጆውስ?» አለች። አዲስ አበባ የለመድነው ወፍራሙን፣ ላዩ ሁሉ የተሸፈነውን ስለሆነ አልፈረድኩባትም። ቆርሳ ስትቀምስ ግን ሹካዋን አስቀምጣ በእጇ ቀጠለች። ጠርዙ እንደ ትኩስ ዳቦ ልስልስ ያለ፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ያለ ነው። መሐሉ ስስና እርጥብ ነው። ያልበሰለ እንዳይመስላችሁ፤ የናፖሊ ፒዛ እንዲህ ነው። 400 ዲግሪን በሚያልፍ የእንጨት ምድጃ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይቆይ ስለሚወጣ ሊጡ ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም። ምድጃውን ፎርኖ ይሉታል። እኛ ቃሉን ወስደን ለዱቄቱና ለዳቦው ሰጠነው።

የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ከኦሬጋኖው ጋር ሲመጣ፣ የቲማቲሙ ጣፋጭነት ከኮምጣጣነቱ ጋር ሲደባለቅ፣ እውነቴን ነው፣ ፎርማጆ ትዝ አይላችሁም።

«ፒዛ» የሚለው ቃል ከቲማቲሙ በጣም ይቀድማል። ከናፖሊ ብዙም በማትርቀው በጋኤታ በ997 እ.ኤ.አ. በተጻፈ የኪራይ ውል ላይ ተከራዩ ለጳጳሱ በገናና በፋሲካ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ፒዛ እንዲያመጣ ይላል። ያ ፒዛ ቲማቲም አልነበረበትም። ቲማቲም ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ መርዝ ነው ብሎ ይፈራው ነበር። የናፖሊ ድሆች ግን ፒዛ ላይ አድርገው በሉት። ፒዛው ርካሽ ነበር፣ ያጠግባል፣ መንገድ ላይ ቆመው አጥፈው ይበሉታል። ገንዘብ ያጠረው ዛሬ በልቶ በስምንተኛው ቀን የሚከፍልበት ልማድም ነበር። ዱቤ ማለት ነው። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው፦ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚበላው ምግብ ኪስ ባዶ የሆነባቸው ሰዎች ያቆዩት መሆኑ።

የማርጌሪታ ታሪክ ግን ቤተ መንግሥት ይገባል። በሰኔ 1889 እ.ኤ.አ. ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የተባለ ጋጋሪ ናፖሊ ለመጣችው የጣሊያን ንግሥት ማርጌሪታ ፒዛ አቀረበ፤ ቲማቲም፣ ሞዛሬላና የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል ያለበትን ስለወደደችው በስሟ ተጠራ ይባላል። ለዚህ ማስረጃ ተብሎ የሚታየውን ደብዳቤ የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። እኔም እጠራጠራለሁ፤ ሞዛሬላና ያ ቅጠል ያለበት ፒዛ ከዚያ በፊት በናፖሊ እንደነበር ተጽፏልና። ለኛ ግን ቀኑ ሌላ ነገር ያስታውሳል። የንግሥቲቱ ባል ንጉሥ ኡምቤርቶ ነው፤ የውጫሌ ውል የተፈረመው በእሱ ዘመን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ከውሉ ልክ በአርባኛው ቀን ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት መብላቷን አቁማ «በእግዚአብሔር!» አለች።

የዳ ሚኬሌን ማርጌሪታ ባለፈው ማክሰኞ ቀን ሄጄ በልቻለሁ። ግሩም ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግን ማሪናራውን እላለሁ። ጋጋሪው ስህተቱን በፎርማጆ ሊሸፍን አይችልም፤ ሊጡ ካልተሳካ ወዲያው ይታወቃል። እዚህ ቤት ተሳክቷል። ዋጋውም ለተማሪ ኪስ አይከብድም።

እኔ ስጠግብ የአክስቴ ልጅ አስተናጋጁን ጠራችው። «አንድ ማሪናራ ይጨምርልን፣ ለመንገድ» ብላ አስተረጎመችኝ። ጠቅልለው ሰጡን። ባቡር ውስጥ ሮም ሳንደርስ አለቀ።