ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበሬ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ወንበሩን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው፣ ጎንደር ፒያሳ ካለ ፈርኒቸር ቤት፣ በ11,500 ብር። ጀርባው መረብ፣ መቀመጫው ስፖንጅ፣ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ባለ አምስት ጎማ። በካርቶን ታሽጎ ስለነበር በባጃጅ ይዤው ሰፈሬ ማራኪ ገባሁ። የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው፣ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት እቀመጣለሁ። በፊት የምግብ ጠረጴዛው ደረቅ ወንበር ላይ ስለነበርኩ ማታ ማታ ወገቤን ይዤ ነበር የምነሣው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ምንም አላስደሰተኝም። ወገቤን ቀለል ቢለኝም ትከሻዬ ባሰበት፣ እንዲያውም ልመልሰው ነበር። ጥፋቱ የጠረጴዛው እንደሆነ የገባኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሜትር ይዤ ስለካው ነው። 78 ሳንቲሜትር! እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ክንዴ ከጠረጴዛው እኩል እንዲሆን ወንበሩን ከፍ ሳደርግ እግሬ ይንጠለጠላል፣ እግሬ መሬት እንዲረግጥ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ትከሻዬን ሰቅዬ ነው የምጽፈው። አናጢ ጠርቼ የጠረጴዛውን እግር ስምንት ሳንቲሜትር አስቆረጥኩት። አባቴ ያሠራው የዋንዛ ጠረጴዛ ስለሆነ እናቴ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ፣ እኔም ከፍቶኝ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩ ወንበር የሆነልኝ። ክርኔ ዘጠና ዲግሪ ያህል ይታጠፋል፣ እግሬ መሬት ይረግጣል። ላፕቶፑን ደግሞ የስክሪኑ አናት ከዓይኔ ትይዩ እስኪሆን በመዝገበ ቃላት ከፍ አድርጌ ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ሰካሁ። የአንገቴ ሕመም የቀነሰው በዚህ ነው።

መረቡ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ግሩም ነው፣ ላብ አይዝም። በታኅሣሥ ጠዋት ግን ብርዱን ጀርባ ላይ ያስገባዋል፣ ጋቢ ጣል አድርጌበት ነው የከረምኩት። ጎማው ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ሊሾ ላይ ይንኳኳል፣ ምንጣፍ ሳነጥፍበት ተወኝ። የክንድ ማሳረፊያው ብሎን በየወሩ ይላላል፣ አጥብቁት።

ትልቁ ችግር የመጣው በሰባተኛው ወር ነው። ጋዙ፣ ማለትም ከመቀመጫው ሥር ሆኖ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ፣ ደከመና ወንበሩ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። የሸጠልኝ ቤት ጋዙ ዋስትና የለውም አለኝ፣ ሲሸጥልኝ ግን ይህን አልነገረኝም፣ በጣም አናደደኝ። መፍትሔው የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ሆነ። በምፈልገው ከፍታ ልክ ቆርጬ፣ በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ከመቀመጫው ሥር ባለው የጋዙ ዘንግ ላይ አልብሼ በሽቦ አሰርኩት። አሁን ከፍና ዝቅ አይልም፣ ግን ልኬን ስላወቅሁት አልቸገረኝም። ሁለት ሰው የሚጠቀምበት ቤት ከሆነ ግን ጋዙን ማስቀየር ይሻላል።

ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ። እናንተ ግን መጀመሪያ የቤታችሁን ጠረጴዛ ለኩ። ሱቅ ስትሄዱም ሻጩ ቢያጣድፋችሁ እንኳ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡበት፣ ወደ ኋላ ተደግፋችሁ የመቀመጫው ጠርዝ የጉልበታችሁን ጀርባ የሚጫን ከሆነ ሌላ ፈልጉ።