ዝናብም አቧራም የቀመሰ የውሃ ቀለም ሳጥን

ባለ 12 ቀለም የኪስ ሳጥን ነው። ሰኔ ላይ ገዛሁት፣ አሁን ጥር ነው። ቤቴ ሱሉልታ ስለሆነ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን ሜዳና ደመና በክረምትም በበጋም ሞክሬበታለሁ፤ የጎጃምን መንገድ ይዤም እስከ ደብረ ሊባኖስ ወስጄዋለሁ።

ሳጥኑ ራሱ አንደኛ ነው። ቆርቆሮ ነው፣ ጃኬት ኪስ ይገባል፣ ክዳኑ ውስጡ ነጭ ስለሆነ ቀለም መቀላቀያ ይሆናል። አንድ ሀይላንድ ውሃና ትንሽ ሶፍት ከያዛችሁ በቃ። ቀለሞቹም ቶሎ አያልቁም። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ብቻ መሃሉ ተቦርቡሮ የተቀመጠበት የፕላስቲክ ማስቀመጫ ወለል መታየት ጀምሯል፣ ምክንያቱም የሐምሌን ደመና የምሠራው እሱን ከቡናማው ጋር ቀላቅዬ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ዝናብ ያዘለ ግራጫ ይወጣል። ሰማያዊው ደቃቅ ፍሬ ስላለው ወረቀቱ ጎድጓዳ ላይ ይዘቅጣል፣ ደመናው ሳትለፉ ይከብዳል።

አረንጓዴው ግን አይረባም። ባህር ዛፍ አመድማ ነው፣ ይሄ ደግሞ ፕላስቲክ አረንጓዴ! እኔ ከሰማያዊና ከቢጫ ቀላቅዬ ቡናማ ጠብ አደርግበታለሁ። ቀዩ ደግሞ አሊዛሪን የሚሉት ዓይነት ስለሆነ ብርሃን አይችልም፤ መስኮት አጠገብ የሰቀልኩት የምሽት ሰማይ ሮዝነቱ እየጠፋ ነው። አብሮ የመጣው፣ ውሃ በሆዱ የሚይዘው ብሩሽ ጫን ሲሉት ይዘረግፋል። ተራ ብሩሽ ይሻላል።

የአየሩ ጸባይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ አልደርቅ ይልና ተራራውን ስትጨምሩበት ወደ ላይ ይፈስሳል። በጋ ላይ ደግሞ ከፍታውና ደረቁ ነፋስ ተባብረው ብሩሹ ዳር ሳይደርስ ያደርቁታል፣ መሃል ላይ መስመር ይቀራል። መላው ወረቀቱን ቀድሞ በንጹህ ውሃ ማራስና በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ መጀመር ነው። ይሄ የሚሠራው ግን ወረቀቱ ውሃ የሚችል ሲሆን ነው። ተራው የስዕል ደብተር ወዲያው ይጨማደዳል። ስለዚህ ትርፍ ብር ካላችሁ ውድ ሳጥን አትፈልጉ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም የጥጥ ወረቀት ግዙ።

ደብረ ሊባኖስ ላይ ነው ዋጋው የገባኝ። ውሃው በጀማ አድርጎ አባይ የሚገባው ያ ገደል በስልክ ሲነሳ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። በቀለም ግን ርቀቱን መሥራት ይቻላል። መሃል ያለው አየር ሩቁን ሸንተረር ሰማያዊና ፈዛዛ ስለሚያደርገው፣ ሩቁን በብዙ ውሃ ማቅጠን፣ ወደ እናንተ ሲቀርብ ማወፈር፣ ጭላዳዎቹ የተቀመጡበትን ቋጥኝ መጨረሻ ላይ በደረቅ ብሩሽ መንካት። አጠገቤ ቆሞ ሲያይ የነበረ እረኛ ልጅ ግን አልተደነቀም፦ «ጋሼ፣ ላማችንስ የታለች?»

እኔ ሳጥኑን ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ብሩሹን አስቀርቼ። ለአሁኑ የቸገረኝ ሰማያዊው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በነጠላ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።