ሻንጣ ይዞ ከቦሌ ሆቴል እስከ ለቡ ባቡር ጣቢያ

ስለ ድሬዳዋው ባቡር ብዙ ተብሏል። ስለ ወንበሩ፣ ስለ አልጋው፣ በመስኮት ስለሚታየው አገር። እኔ የምጽፈው ባቡሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ስላለው መንገድ ነው። ቦሌ አካባቢ ካለ ሆቴል ተነስቶ፣ ከአሜሪካ የመጣ ሻንጣ ጭኖ፣ ገና ሳይነጋ ለቡ ስለመድረስ። ባቡሩ ደህና ነው። ሰው የሚያለፋው እሱ ጋ መድረሱ ነው።

ለምን ባቡር ትሉኝ ይሆናል። አውሮፕላን አለ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን እናቴ ድሬ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ከለገሃር ተሳፍራ ከዚራ ስትወርድ የነበረበት ዘመን ከልቧ አልወጣም፤ ቨርጂኒያ ቁጭ ብላም የምታወራው ስለ ሊቶሪና፣ ስለዚያ የድሮ ባቡር ነው። "አገሬ የምገባው በባቡር ነው" አለች፣ አለቀ። ደግሞ የሻንጣው ነገር አለ። ከአሜሪካ ስትመጡ ለአንድ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል። ለሁለት ሰው 92 ኪሎ ማለት ነው። የአገር ውስጡን ትኬት ለብቻው ከቆረጣችሁ ያን ሁሉ ይዛችሁ አትገቡም፣ ወይ ትከፍላላችሁ ወይ ትተዋላችሁ። የሐበሻ ሻንጣ ደግሞ ይታወቃል፤ ግማሹ የራሳችን አይደለም። የእከሊት ልጅ ጫማ፣ የጎረቤት ቫይታሚን፣ "ትንሽ ናት፣ ጥግ ላይ ትገባለች" ተብሎ የተሰጠ ሦስት ኪሎ ዕቃ።

ሆቴሉን ስሙን አልጠራም። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ቁርሱ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ሰው አክባሪ ናቸው። ነፃ መኪና አለን ይላሉ፣ አላቸውም፣ ግን ለኤርፖርት ብቻ። ለቡ ስላቸው ሁለቱ የሪሴፕሽን ልጆች ተያዩ። ቦሌ አካባቢ ያለ ሆቴል ኑሮው ኤርፖርት ስለሆነ ብዙም አልፈርድም። ከዚያ የኮንትራት መኪና እናዘጋጅልዎ አሉኝ፣ ዋጋውንም በዶላር ነገሩኝ። በብርስ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ስልክ ተደወለ፣ ተንሾካሾኩ፣ ዋጋው ወረደ። እሺ ተስማማን። "ሌሊት 11 ሰዓት" አልኳት። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ 11:00 ብላ ጻፈች። እኔም ቆሜ እያየሁ ነው። "እህቴ፣ ይሄ በፈረንጅ ከተነበበ ረፋድ 5 ሰዓት ይሆናል እኮ" አልኳት። "አያስቡ፣ ሾፌሩ ያውቃል" አለችኝ።

ሾፌሩ አያውቅም። ሌሊት 11 ሰዓት አልፎ ሎቢው ውስጥ ያለነው እኔ፣ እናቴ፣ አራት ሻንጣና ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ ጥበቃ ብቻ ነን። ተደውሎለት ሲያነሳ "ቀጠሮው ረፋድ አይደል እንዴ?" አለ፣ ድምፁ ገና ከትራስ ነው የሚወጣው። ረፋድ ላይ ባቡሩ እኛን ትቶ ሄዷል። ስለዚህ ከሆቴል መኪና የምታዙ ሰዎች ሰዓቱን በሐበሻም በፈረንጅም አስጽፉ፤ የሾፌሩን ቁጥር ማታውኑ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ደውሉለት። ሪሴፕሽኗ ብትቀየምም ትቀየም።

ያዳነን ስልክ ላይ የሚጠራው ታክሲ ነው። ራይድ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ያንጎ አለ። ሌሊትም ቢሆን መኪና አይጠፋም። ኢንተርኔቱ እምቢ ካለ ራይድን በ8294 ደውሎ ማዘዝ ይቻላል፣ ለዚህም ሲባል የአገር ውስጥ ሲም መጀመሪያውኑ አውጡ። ከውጭ ለመጣ ሰው አንድ ግር የሚል ነገር አለ። የቆማችሁበት ቦታ ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ ሾፌሩ ይደውላል፤ "የት ጋር ነሽ?" ይላል። አትናደዱ፣ ወጉ ነው። እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ሻንጣው ስንት እንደሆነ ያኔውኑ ንገሩት። የመጀመሪያው ልጅ አራት ትልልቅ ሻንጣ ስለው ትንሽ ዝም አለና "እህቴ፣ እኔ የያዝኩት ቪትዝ ነው" አለኝ። ልክ ነው። ቪትዝ ከኋላ አንድ ትልቅ ሻንጣ ከቻለ ብዙ ቻለ። መጥቶ ከሚያየን ቁርጡን መናገሩን ወድጄለታለሁ።

ሁለተኛው ዲዛየር ይዞ መጣ፣ ሰላሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው። ሻንጣዎቹን አሰልፎ አያቸው፣ አንዱን በእጁ መዘነ፣ ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ሁለቱን ከኋላ አንዱን በጎኑ አንዱን በጀርባው አስተኝቶ፣ ክዳኑን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ሦስተኛውን ጋቢና ላይ አስቀመጠና ቀበቶ አሰረለት። "ትራፊክ እንዳይቀጣኝ" አለ እየሳቀ። አራተኛው ከኋላ ወንበር እኔና እናቴ መሀል ገባ፤ እስከ ለቡ ድረስ እናቴን ሳላያት በድምፅ ብቻ ነው የሄድነው። ሦስት ሰው ከሆናችሁ ይሄ አይሠራም፣ ቫን ወይም ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ፈልጉ።

መድረሻውን ስትናገሩም ጠንቀቅ በሉ። "ባቡር ጣቢያ" ብቻ ካላችሁ ሾፌሩ የሚመጣለት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከተማ ውስጥ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር ነው፣ ወይ ደግሞ ለገሃር ነው፣ ለገሃር ደግሞ የድሬ ባቡር ከተነሳበት ስንት ዘመኑ። ቀላል ባቡሩ ለቡ አይደርስም፤ ቢደርስም በሥራ መግቢያ ሰዓት ያንን ግፊያ ሻንጣ ይዞ የሚሞክረው ሰው ካለ ጀግና ነው። "ለቡ" ብቻ ማለትም አይበቃም፤ ለቡ መብራት ኃይል አለ፣ ለቡ ሙዚቃ ቤት አለ። "ፉሪ ለቡ፣ የጅቡቲው ባቡር" በሉ፣ ሁሉም ይገባዋል። ሚኒባስ ታክሲስ ላላችሁ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ሻንጣ ካለ ግን ወያላው የሰው ቦታ ያዘብኝ ብሎ ለሻንጣውም ያስከፍላችኋል፣ እውነቱንም ነው።

መንገዱ ሌሊት ጭር ያለ ነው። በቀለበት መንገዱ ሳሪስን አልፈን፣ ሃና ማርያምን አልፈን። እናቴ ከሻንጣው ማዶ ሆና ጉዳዩን ለሾፌሩ ከሰሰች። "እኔ የምለው፣ ለገሃርን የመሰለ ጣቢያ መሀል ከተማ እያለ ጫካ ድረስ ምን ወሰደን?" ልጁ አስረዳት። "ማዘር፣ ያኛው ሐዲድ ጠባብ ነበር፣ አንድ ሜትር። ይሄ ሰፊው ነው፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ከተማ ውስጥ አይገባም።" ትክክል ነው፤ አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረ ነው፤ አሮጌው ግን ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እናቴ አልተዋጠላትም። "ድሬን እኮ የወለዳት ያ ባቡር ነው" አለች። ከዚህ በላይ ማን ይከራከራታል።

ሒሳቡን ስልኩ ላይ የወጣውን ከፈልን። ለሻንጣው ጨምሩ አላለም፣ እኛ ግን ጨመርንለት። በቴሌብር ይቀበላሉ፣ የውጭ ካርድ ግን እርሱት፣ ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ይኑር። ሆቴሉ በመጨረሻ ከተስማማበት ዋጋ ጋር ሳወዳድረው ግማሹም አይሆንም።

ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ግቢውም ሰፊ ነው። ሻንጣ የሚያግዙ ልጆች ቀረብ ይላሉ፤ ዋጋውን ሻንጣው ከመሬት ሳይነሳ ተነጋገሩ፣ "የፈለግሽውን ስጪኝ" የሚባለው በኋላ አያስማማም። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፣ ፓስፖርት ይታያል፣ ሻንጣ በማሽን ያልፋል። የእኛን አንዱን አስከፈቱት። ፈታሿ ቫይታሚኖቹን አንድ በአንድ እያነሳች "ይሄ ሁሉ ለማነው?" አለች፣ እናቴ ስም መቁጠር ስትጀምር "በቃ በቃ፣ ዝጉት" አለች። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ሰዓቱን አጣብቃችሁ አትምጡ። ትኬቱን የአክስቴ ልጅ ቀድሞ ቆርጦልን ነበር፣ እናንተም ዘመድ ካላችሁ አስቆርጡ። አልጋ ከሆነ ባለ አራቱ ክፍል ከባለ ስድስቱ ይሻላል፣ የታችኛውን ያዙ፤ ሻንጣው ከሥር ይገባል፣ ዓይናችሁም ከሱ አይርቅም።

ስለ ጉዞው አልሰፋበትም። ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ከወጣ ባቡሩ ይቆማል፣ ምግብ ያዙ፣ ውሃ ያዙ።

ድሬም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ እናቴ ይሄንንም ለብቻው ተቀየመች። ባጃጅ ግን ሞልቷል። "አቦ ነይ፣ እኔ አደርስሻለሁ" እያሉ ከየአቅጣጫው ይጠራሉ። ሁለት ባጃጅ ያዝን፣ አንዱ ለሻንጣ፣ አንዱ ለእኛ፤ የሻንጣው ከፊት ይሂድ አለች እናቴ፣ ከዓይኗ እንዳይጠፋ። ልጁ ዋጋ ሲጠራ እኔ ልከፍል ቦርሳዬን ከፍቻለሁ። እሷ በኦሮምኛ ጀምራ፣ በሶማሊኛ አድርጋ፣ በአማርኛ ስትጨርሰው ዋጋው ወርዶ ልጁም "እናቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?" እያላት ነው። ሪሴፕሽን ላይ እሷን ማቆም ነበረብኝ።

ሌላ ጊዜ ብመጣ የመጨረሻዋን ሌሊት ቦሌ አላድርም። ጀሞ ወይም ለቡ አካባቢ ቀለል ያለ ማረፊያ ይዤ ጠዋት በአጭር መንገድ እሄዳለሁ። ቦሌ ማደር ለበረራ ነው የሚጠቅመው። መመለሻችንን ግን በአውሮፕላን ነው የቆረጥነው፤ ሻንጣዎቹ ባዶ ናቸው፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቷል፣ በርበሬውና ሽሮው የሚጠብቀን አዲስ አበባ ነው።