ለደሴ የቱ ቆርቆሮ፣ ለኮምቦልቻስ?

ደሴና ኮምቦልቻ ቢራራቁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ግን ጋቢው ትከሻ ላይ ይከብዳል። ደሴ ጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አንዱ ቆርቆሮ ለሁለቱም እኩል አይሆንም።

መጀመሪያ ውፍረቱን እንይ። ሱቅ ስትገቡ የምትሰሙት «ጌጅ» ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። 35 ጌጅ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 32ቱ 0.25፣ 28ቱ ደግሞ 0.4። ካልተማመናችሁ አስመዝኑት። ርዝመትና ስፋቱ እኩል ከሆነ 28ቱ የ35ቱን እጥፍ ይመዝናል።

35 ጌጅ ርካሽ ነው። ለአጥርና ለማድ ቤት ይበቃል፤ ለመኖሪያ ግን አልመክርም። የክረምት በረዶ ያጎደጉደዋል፣ የጎደጎደው ላይ ውሃ ያቁራል፣ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። አናጢ ሲረግጠው እንኳ ይታጠፋል። ለደሴ በረዶ 28 ጌጅ ኢጋ (ጉብታው ማዕዘን ያለው ቆርቆሮ) የሚያህለው የለም።

ግን ውፍረት የማይፈታው ነገር አለ። ደሴ ያለው የእናቴ ቤት ኮርኒስ አልነበረውም። አንድ ኅዳር ጠዋት ጠጠር የመሰለ የውሃ ጠብታ አልጋዋ ላይ ይንጠባጠባል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ውጭ ውርጭ ብቻ። ያፈሰሰ መስሏት አናጢ አስጠራች። ልጁ ወጣ፣ ሚስማሩን አንድ በአንድ አየ፣ ወርዶ በመዳፉ የቆርቆሮውን ሆድ ዳሰሰ። መዳፉ ርሶ ተመለሰ። «እማማ፣ ቀዳዳ የለውም። ቆርቆሮው አልቦት ነው» አላት። ሌሊቱን የተነፈስነው አየርና የምድጃው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። 28 ጌጅ ብታደርጉትም ያልበዋል።

ስለዚህ ደሴ ላይ ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ፣ 28 ጌጅ ያለ ኮርኒስ ከምታስመቱ 32 ጌጅ ከነኮርኒሱ ይሻላችኋል። ኮርኒሱ ብርዱንም ይይዛል፣ በረዶ ሲወርድ እርስ በርስ ለመደማመጥም ያግዛል። ከኮርኒሱ በላይ አየር መውጫ መተዉን ግን አትርሱ፤ ካለዚያ እርጥበቱ ማገሩን ያበሰብሰዋል።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሙቀት ነው። እዚያ 32 ጌጅ ለብዙ ቤት ይበቃል፤ የተረፈውን ብር ቀለሙ ላይ አውሉት። ነጭ ወይም ክሬም የተቀባ ቆርቆሮ ፀሐዩን ይመልሳል። ጥቁር ቡኒና ደማቅ ቀይ ያምራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ቤቱን ምጣድ ያደርጉታል። ደሴ ላይ የቀለሙ ዓይነት የምርጫ ጉዳይ ነው። የትም ይሁን ቆርቆሮውን በመቀስ አስቆርጡ። ግራይንደር ቀለሙንና ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ ፍንጣሪው ያረፈበትም ይዝጋል።

ሚስማር ወይስ ብሎን? ስድስት ሜትር ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ደሴ ላይ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ሚስማሩ በዚህ ጉተታ ቀስ በቀስ ይነቀላል። ጎማ ያለው ብሎን ይወደዳል፣ ግን አጥብቆ ይይዛል። የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ቦዩ ላይ ከተመታ ውሃው በቀዳዳው ላይ ይሄዳል።

ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር ጨርሱት። ከየካቲት ጀምሮ የወሎ በልግ መቼ እንደሚጥል አይታወቅም፤ ጣሪያው የተከፈተ ቤት ደግሞ በአንድ ሌሊት ዝናብ ግድግዳው ይረጥባል።